ካርድ ያልተጻፈላት ሳንቲም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ልጄ» ብዬ ላልጠራሁህ ልጄ፣

ፖስታው ላይ የእጄን ጽሕፈት ስታይ ልብህ ምን እንደሚልህ አላውቅም። መቅደድ ካማረህ ቅደደው፣ አልፈርድብህም፤ ግን በሞቴ፣ መጀመሪያ አንብበውና ከዚያ ቅደደው። ስልክ ልደውልልህ ነበር። እህትህ ቁጥርህን በትልልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋልኛለች። ሁለት ሦስቴ ጀምሬ መጨረሻው ቁጥር ላይ ስደርስ ጣቴ እምቢ አለኝ። ድምፄን ሰምተህ ጆሮዬ ላይ ብትዘጋውስ? እውነትህን ነው፤ ግን የምለውን ሳልጨርስ እቀራለሁ። ለዚህ ነው ደብዳቤ የመረጥኩት።

ደረትህ እንዴት ነው? አንተ የምትሠራበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ መግባትና መውጣት እንዳለበት እህትህ ስትነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። ልጅ ሆነህ ትንሽ ብርድ ሲነካህ ሳምንት ነበር የምታስለው። ሹራብ ደርብ፣ አንገትህን ሸፍን። አይ እኔ! አሥራ አንድ ዓመት ተዘግቼ ኖሬ ዛሬ ስለ ሹራብ አወራለሁ። ምን ላድርግ፣ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ነው።

እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ፋርማሲውን ከለቀቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ጎረቤቶች ግን አሁንም ኪኒናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «ይቺ ከምግብ በፊት ናት በኋላ?» ይሉኛል። ማን እንደሆንኩ የሚያስታውሰኝ እሱ ብቻ ነው። እናትህ ከሄደች ሦስተኛ ወሯን ልትደፍን ነው። ልብሷን እህትህ መጥታ ሰበሰበችው፤ እኔ እጄን ማስገባት አቃተኝ፤ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆየሁ።

የምጽፍልህ ስለ «ግብግቦቹ» ነው።

ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ፤ ስድስት ዓመትህ ነበር። በአንድ ፊቷ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ትግል የገጠሙ ሁለት ሰዎች፣ በሌላው ፊቷ ወንጭፍ የወጠረ ሰው ያለባት የብር ሳንቲም። አስፔንዶስ የምትባል ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ በሜዲትራኒያን ባሕር አቅራቢያ የነበረች የግሪክ ከተማ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት የመታቻት። አጉሊ መነጽሩን ዓይንህ ላይ ለጥፈህ «አባዬ፣ የግራው ሰውዬ እያጭበረበረ ነው፣ ሊጠልፈው ነው!» ብለህ የጮህከውን ለስንት ሰው አውርቼዋለሁ መሰለህ። ከሰበሰብኳቸው ሳንቲሞች የኤፌሶንን ባለ ንብ፣ የሮድስን ባለ ጽጌረዳ ሁሉ ትተህ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ እሷን ነበር።

እሷን ከማግኘቴ በፊት ሌላ ነበረችኝ፣ ታውቃታለህ። ገና አፍላ ፋርማሲስት ሳለሁ አንድ አፈ ጮሌ አሞኝቶ የሸጠልኝ ፎርጅድ። እናትህ ዓመት ሙሉ «ባለሙያው መጣ!» እያለች ሳቀችብኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ እውነተኛዋን ሳገኝ ጎን ለጎን አድርጌ ባያቸው አንድ ናቸው። ያቺ ፎርጅድ የተቀዳችው ከዚሁ ማህተም ከወጣች ሌላ ሳንቲም ነበር ማለት ነው። የአንዱ ሰውዬ የተሰነጠቀች ክርን እንኳ ሳትቀር አለች። የሚለያቸው ክብደታቸውና ጠርዛቸው ብቻ ነው።

ሕጌን አትረሳውም መቼም። ሳንቲሞቹን የምናይበት ጨርቅ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሳንቲም ብቻ ይወጣል። ካርዱም አብሮ ይወጣል፤ ክብደቷ፣ ከማን እንደተገዛች፣ መቼ እንደተገዛች የተጻፈበት። ስትመለስ ካርዱ ከሥሯ ይገባል። ሁለት አንድ ላይ አወጣህ ብዬ ስንት ጊዜ እጅህን መታሁህ! ሁለተኛው ሕጌ ደግሞ ለፎርጅድ ካርድ አይጻፍም የሚል ነበር። ካርድ የእውነተኛ ሳንቲም ክብር ነው እያልኩ እኮራ ነበር። ስለዚህ ፎርጅዷን አንድም ቀን ሳልመዝናት፣ አንድም ቃል ሳልጽፍላት፣ በጥጥ ጠቅልዬ መሳቢያው ጥግ ላይ ጥያት ኖረች። ይህን ልብ በልልኝ፤ ጥፋቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ከፍቼ «ግብግቦቹን» ሳነሳት እጄ ላይ ቀለለችኝ። ዕድሜ ልኩን ዱቄት ሲመዝን የኖረ ሰው እጅ ነው፣ ወዲያው ያውቃል። ሚዛን ላይ አወጣኋት። ካርዱ አሥር ነጥብ ሰማንያ ሰባት ግራም ይላል፤ ሚዛኑ አሥር ነጥብ አሥራ ሁለት። በአጉሊ መነጽር ጠርዟን ባየው የሞረድ ጭረት። ፎርጅድ! ደሜ ፈላ። የራሴ ፎርጅድ ትሆን እንዴ ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ግን እሷን ከጥቂት ወር በፊት ለጋሽ ጢሞ ሰጥቼዋለሁ። መቼም ጢሙ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባውን የሳንቲም ነጋዴ ጓደኛዬን አትረሳውም። ለሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አዳዲስ አባላት ማስተማሪያ ትሁን ብዬ ነበር የሰጠሁት። ደወልኩለት።

«ፎርጅዷ አንተ ጋ ናት?» አልኩት።

«እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ራስህ አይደለህ የሰጠኸኝ። ምነው፣ ናፈቀችህ?» ብሎ ሳቀ።

በቃ። ያቺ እሱ ጋ ካለች ይቺ ሌላ ፎርጅድ ናት። ሌላ ፎርጅድ ማውጣት የሚችለው ደግሞ እውነተኛዋን በእጁ ያስገባ ሰው ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ያለን እኔና አንተ። ሳንቲም በጀሶ መቅዳት የምትችለው አንተ። ማን አስተማረህ? እኔው ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመትህ ላይ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ጀሶውን በሾርባ ማንኪያ እያማሰልን። ወርቅ ሠሪ ጓደኛ ነበረህ። የፋርማሲ ትምህርቱን ትቼ የፍሪጅ ጥገና እማራለሁ ብለህ ከተጣላን ወር አልሞላንም። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። እንዲያውም ይግረምህና እንዴት እንደደረስኩበት ሳስብ በራሴ ተደነቅሁ።

ከዚያ ያለውን አንተም ነበርክ። ሦስት ጊዜ «አባዬ፣ አልወሰድኩም» አልከኝ። ሦስተኛው ላይ ድምፅህ ቀነሰ፤ እኔ እሱን የጥፋተኛ ድምፅ ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። እናትህ «ልጄ አይሰርቅም! ልጄን አውቀዋለሁ!» ብላ መሃላችን ቆመች፤ እሷንም ገፋ አደረግኳት። «ይቺን ደጃፍ እንዳትረግጣት» ያልኩህ እኔ ነኝ። ምላሴን ይቁረጠው። አንተን ልትሸኝ ወጥታ ስትመለስ እግሯ ላይ አንዱ ነጠላ ጫማ የሷ፣ አንዱ የኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ አላወለቀችውም፤ እኔም አልነገርኳትም።

በዚህም አላበቃሁም። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ልጄ ነው የሰረቀኝ አልኩ። አሥራ አራት ሰው ፊት።

ከዚያ በኋላ እናትህ አንተን በስልክ ስታወራህ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍት ነበር፤ እኔ እንዳልሰማ። እሰማ ነበር። ቃሉ አይለይም እንጂ ሳቋ ይሰማኛል። ካንተ በቀር እንደዚያ የሚያስቃት ሰው አልነበረም። እሷ እንዳታፍር ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ። ስትወጣ «ዛሬ ደግሞ ውሃው ቶሎ አይሞቅም» ትላለች፤ እኔም «ማሞቂያው አርጅቷል» እላለሁ። እንዲህ ሆነን ኖርን። አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን እንኳ ሬዲዮኑን ዘግቼ «ልጁን ሰላም በይልኝ» ብላት ምን ነበረበት?

ጋሽ ጢሞ ሞተ። ስኳሩ ነው የገደለው፤ አልታዘዝ አለን። ባለቤቱ አንድ ካርቶን ተሸክመው መጡ። «ደህና ደህናውን ልጆቹ ወስደውታል፤ ይሄ የፎርጅድ መሳቢያው ነው፤ የሚጣለውን ጣሉልኝ» አሉኝ። ከሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እፈታ ጀመር። መሃል ላይ አንዲት በወረቀት የተጠቀለለች አገኘሁ። ወረቀቱ የኔ ፋርማሲ የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ ላዩ ላይ በኔ እጅ ጽሕፈት «ፎርጅድ» ይላል። ከፈትኳትና መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት።

ከበደችኝ።

ባለቤቱ «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ። ሚዛኑን አወጣሁ። አሥር ነጥብ ሰማንያ ሰባት። አወረድኳትና እንደገና መዘንኳት። አሥር ነጥብ ሰማንያ ሰባት። ሦስተኛ አልሞከርኩም።

ያኔ ነው ፎርጅዷን የሰጠሁበት ቀን ትዝ ያለኝ። ጋሽ ጢሞ መጥቶ ነበር። እንደ ልማዳችን እየተከራከርን «ጎን ለጎን አድርጌ ላሳይህ፣ አንተ ራስህ አትለያቸውም» አልኩና ሁለቱንም ጨርቁ ላይ አወጣኋቸው። ሁለቱንም! በልጄ እጅ ላይ ማስመሪያ ሳነሳ የኖርኩት ሰውዬ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እለያለሁ ይላል፣ እኔ እስቃለሁ፣ እናትህ ምሳ ቀረበ ትላለች። አፌ ሳይዘጋ፣ ዓይኔ እሱ ላይ እንዳለ፣ አንዷን በወረቀት ጠቅልዬ «ፎርጅድ» ብዬ ጽፌ እጁ ላይ አኖርኩ፤ ሌላዋን ከነካርዷ መለስኩ። ሳልመዝን። የገዛ እጄ ነው ልጄ። ማንም አልነካትም። ለዚያች ፎርጅድ ካርድ ጽፌላት ቢሆን፣ አሥር ነጥብ አሥራ ሁለት የሚል አንዲት መስመር ቢኖራት፣ ያን ቅዳሜ የማን እንደሆነች አውቃት ነበር።

እሱስ ነጋዴ ሆኖ እንዴት አላወቃትም ትለኛለህ። እኔም ጠየቅሁ። ባለቤቱ እንደነገሩኝ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ደግሞ ያንተ አባት «ፎርጅድ» ካለ ፎርጅድ ናት ብሎ ያምነኝ ነበር። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያወጣትና «ፎርጅድ ማለት ይሄ ነው፣ እስቲ ጉድለቷን አግኙ» ይላቸዋል። ያገኙላታል! አንዱ ፊደሏ ሟሙቷል ይላል፣ አንዱ ቀለሟ የብር አይደለም ይላል፣ ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እውነተኛዋ ላይ ነውር ሲፈልግ፣ ሲያገኝም ኖረ። ይህን ስሰማ አንተ ነህ የመጣህብኝ፤ አለቀስኩ፤ ሴትየዋ ለባላቸው መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

ባለፈው እሑድ ማኅበሩ ተሰብስቦ ነበር። ተነስቼ ቆምኩና ነገርኳቸው። «ልጄን ሌባ ያልኩት በዚህ ክፍል ነው፤ ልጄ ሌባ አይደለም፤ ሳንቲሟን በገዛ እጄ አሳልፌ የሰጠሁ እኔ ነኝ» አልኩ። አንዱ «እና ያቺ እውነተኛ ናት ማለት ነው?» አለ። «ይዘሃታል?» አለ ሌላው። ከኪሴ ሳወጣት ሁሉም ተነስቶ ሳንቲሟን ከበባት፤ አጉሊ መነጽር ከእጅ እጅ ይዞራል፣ «ወይ ጉድ! እንዴት ዓይነት ብር ነው!» ይላሉ። ስላንተ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ሳንቲሟን ነበር የማየው፤ ዕድሜዬን ያደረግሁት እሱን አይደል።

እንግዲህ እስካሁን የጻፍኩትን እንደገና ሳነበው አንድ ነገር ዘልያለሁ። አውቄ ነው የዘለልኩት። ከትናንት ጀምሮ ሦስት ወረቀት የቀደድኩት በሱ ምክንያት ነው፤ አሁንም ካልጻፍኩት ይህ ሁሉ የይቅርታ ልመና ከንቱ ነው።

የጋሽ ጢሞ ባለቤት የመጡበትን ቀን አልነገርኩህም። ሰኔ 3 ቀን ነበር።

እናትህ ያረፈችው ነሐሴ 24 ነው። ሰማንያ አንድ ቀን አውቅ ነበር ልጄ። እሷ እዚሁ ቤት ስትመላለስ፣ ቧንቧ ከፍታ ስታወራህ፣ ኋላም ሆስፒታል ስትተኛ እኔ አውቅ ነበር። ጠዋት ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ማታ ነገ እላለሁ። ብነግራት «ብዬህ ነበር» ትለኛለች ብዬ አይደለም። እሷ እንደዚያ አትልም። ዝም ብላ ነው የምታየኝ። ያን አስተያየቷን ፈራሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰው፣ ሚስቴን ፈራኋት።

አልጋ ላይ ሆና «ልጄን ጥራልኝ» ብላኛለች። አንዴ አይደለም። እህትህ ስትወጣ ጠብቃ፣ እጄን ይዛ። «እሺ፣ ትንሽ ሲሻልሽ» እላታለሁ። እንደማይሻላት ደግሞ ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነኝ፤ የምትወስደውን መድኃኒት አነባለሁ። እህትህም ልትደውልልህ ስትል «ከቀብር በኋላ» ያልኳት እኔ ነኝ። አውሮፕላን አይደርስለትም ብዬ አሳመንኳት። ይደርስልህ ነበር። መቃብሯ ዳር ቆመህ ፊትህን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

የመጨረሻው ቀን ግን ቆርጬ ሄጄ ነበር። በእናትህ አፅም፣ ልነግራት ነበር የሄድኩት። ሳንቲሟን ኪሴ ከትቼ፣ አሳያታለሁ፣ ከዚያ እዚያው ሆኜ እደውልልሃለሁ ብዬ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ነቅታለች፤ ፊቷ ጥሩ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ሳንቲሟን ከቁልፌ ጋር ሲያማታ ሰማችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

ባዶ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

«ዝርዝር ነው፤ ለታክሲ የያዝኩት» አልኳት።

«እሺ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጠዋት ስመጣ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ይህን እህትህ አታውቅም። ለሰው ስናገረው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሳንቲሟን አልላክሁልህም፤ ካሳ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው። ስለ ሳንቲሟ ይቅር በለኝ ብዬ ልለምንህ ነበር አነሳሴ። ስለ ሰማንያ አንዱ ቀን ግን የምለምንበት አፍ የለኝም። ብትሰድበኝም ከጻፍክልኝ እንደ ደግ ቃል እቀበለዋለሁ። ባትጽፍም ደህና መሆንህን ከእህትህ እጠይቃለሁ።

ጤናህን ይጠብቅልህ። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ሚስትህን በክፉ አይንካብህ። እህትህ የልጅህን ፎቶ አሳይታኛለች፤ አፏን ስትይዝ ቁርጥ እናትህን ናት። ሳምልኝ አልልህም። በእናትህ ስም ግን ሳማት፤ እሷ ሳትስማት ሄዳለች።

አባትህ